የሰሙትን ይቆጥሩ የነበሩት ድሬሰር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የመሬት ሽግሽጉ ካለፈ በኋላ ነው፤ በስማዳችን ወገዳ ከተማ መብራት ሳይገባ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁርጡን ልናገር ብል እዋሻለሁ። ወሩን ግን አልስተውም። ታኅሣሥ ነበር፣ ገብስ ይወቃ ነበር። ወንድሜ ሙጬ አውድማ ላይ የተገደለ ያን ጊዜ ነው። ድሬሰር ተሾመን ያወቅኋቸውም በዚያው ቀን ነው።

መሞታቸውን የሰማሁት ገበያ ላይ ነው። ባቄላ ዘርግፌ ተቀምጬ አንድ ከመካነ ኢየሱስ በቅሎ ሊገዛ የመጣ ሰው ባቄላዬን በእፍኙ እያፈሰ፣ «አባቴ፣ አገርዎ ወዴት ነው?» አለኝ። ነገርሁት።

«እንዲያ ከሆነማ ያውቋቸዋል። ያ እናንተ ዘንድ የነበሩት ድሬሰር ዐረፉ እኮ። ባለፈው እሑድ ቀበርናቸው» አለና በባቄላው ዋጋ ሊከራከረኝ ጀመረ።

ባቄላውን ማን እንደሰበሰበልኝ አላውቅም። ሰው ሲሞትበት ሰው ያለቅሳል። እኔ ግን ከእንባው በፊት የመጣብኝ እፍረት ነው። እሳቸው በሕይወት ሳሉ በሰው ፊት ልናገራት የሚገባኝ አንዲት ነገር ነበረችኝ። ዛሬ ነገ ስል እሳቸው ሄዱ።

ድሬሰር ተሾመ ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገታቸው ወደፊት ዘንበል ያለ ሰው ነበሩ። የሹራብ ቆብ ክረምት ከበጋ አይለያቸውም። በቀድሞው ጦር ቁስለኛ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው፤ ጦሩ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው ገቡ፣ ቆየት ብለው በኛ ቀበሌ ክሊኒክ ተመደቡ። ክሊኒክ ስል ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው፤ አንዷ መርፌ መውጊያ፣ አንዷ የሳቸው መኝታ። ሰው ቤት ሲመጡ በር አያንኳኩም። ከአጥሩ ማዶ ቆመው «ቤቶች! ተሾመ ነኝ፣ መጣሁ!» ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ገባሁ!» ይላሉ። እኛ እንስቅ ነበር፤ ድሬሰሩ ውሻ ይፈራሉ እንል ነበር። ዕቃ ሲያስቀምጡ ድምፅ አይሰማም። በሰው ጀርባ አያልፉም፤ ዞረው በፊት በኩል ነው የሚያልፉ።

የወንድሜ ነገር የወሰን ነገር ነበር። በሽግሽጉ ጊዜ ከድንበርተኛችን ማሳ ተቆርጣ ለሙጬ የደረሰች አንዲት ቁራሽ መሬት ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ በሽማግሌ ስትጎተት ኖረች። ያን ቀን ሙጬ በሬዎቹን እየነዳ ያበራያል፤ ልጁ አለባቸው ከኋላ ከኋላ እየተከተለ በሬዎቹ ሲጥሉ እበቱን ይቀበላል፣ እህሉ እንዳይበላሽ። የልጅ ሥራ ነው እሱ። ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። የድንበርተኛችን ልጅ ከካቡ ጥግ ሆኖ ሁለት ጥይት ተኮሰና ወደ ቆላ ወረደ።

እኔ ከታችኛው ማሳ ነበርሁ። ድምፁን ስሰማ ወደዚያ አልሮጥሁም። መጀመሪያ መሬት ላይ በደረቴ ተኛሁ። ምን ያህል እንደተኛሁ እኔና እግዜር ነን የምናውቅ። ስደርስ በሬዎቹ አሁንም እየዞሩ ነበር። ልጁም ከኋላቸው እየዞረ ነበር።

በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ክሊኒኩ ስናቀና ሙጬ መንገድ ላይ ዐረፈ። ድሬሰሩ ደረቱን አዳመጡ፣ ዓይኑን ከደኑለት፣ በነጠላ ሸፈኑት። ከዚያ ዞር አሉና፣

«ማን ማን አየ?» አሉን።

«ለፖሊስ እንናገራለን ድሬሰር፣ ምስክር አለን» አልናቸው።

«ለፖሊስ አይደለም የምጠይቃችሁ። ልጆች ነበሩ ወይ?»

«ልጁ ነበር» አልሁ።

«ሌላስ? ድምፁን የሰማስ? ከብት ያግድ የነበረ፣ ውሃ ትቀዳ የነበረች?»

ደብተር አወጡና የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጻፉ። ሰባት ሆኑ። እኛ ሬሳ ተሸክመን፣ እሳቸው ስም ይጽፋሉ! አንዱ ዘመዳችን ተቆጣና «ሟቹ እዚህ ነው፣ ድሬሰር!» አላቸው። እሳቸው ቀና ሳይሉ፣

«ሟች አንድ ነው። እሱን እኔም እናንተም አንመልሰውም። የነዚህ ግን ገና ነው» አሉ።

ጦር ሜዳ አእምሯቸውን ወስዶት ነው ብለን ተጠቃቀስን።

እንግዲህ በኛ አገር ሰው ሲገደል የደም ዕዳ ይኖራል። ባለደም የሚባል አለ፤ ወንድም ወይም ልጅ። ደሙን ሳይመልስ ጠላ ቤት ቢቀመጥ ጠላው ይመረዋል። በሙጬ ተዝካር ላይ አንዲት አልቃሽ እኔ ፊት ቆማ እንዲህ አለች፤

«አውድማው ላይ ወድቋል፣ ገብሱ ሳይወቃ፣
ወንድም አለው ሲሉ፣ ሞላ መቼ ነቃ!»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ሰው ገድዬ የምኖር ሰው አይደለሁም። ዶሮ እንኳ የሚያርድልኝ ጎረቤት ነው። ይኸን ግን ለሰው እንዴት እናገራለሁ? ተነሥቼ የሙጬን ምንሽር ጠብመንጃ አመጣሁና በሰው ፊት በቤቴ ምሰሶ ላይ ሰቀልሁት። «ይኸ የአለባቸው ነው። ሲጠና ያወርደዋል፤ እኔ ለዚያ አሳድገዋለሁ» አልሁ። ወንዶቹ «ጎሽ ሞላ!» አሉኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር፤ ዳቦውን በእጁ ይዞ፣ ሳይበላው።

እንዲህ አድርጌ ዳንሁ። የኔን ፍርሃት ምሰሶ ላይ ሰቅዬ ለልጅ ሰጠሁት።

እናቱ ከሙጬ ቀድማ ሞታ ነበርና አለባቸው እኔ ዘንድ ገባ። ቀድሞ ፈጣን ልጅ ነበር፤ ከክፍሉ አንደኛ ነው የሚወጣ፣ የኔን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነብልኝ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ፊደሉም ጠፋበት። መጽሐፍ ገልጦ አንድ ገጽ ላይ ይውላል። «ምን ይላል?» ስለው አያውቅም። በር ከተዘጋ ይነሣል፣ ሰው ካሳለ ይነሣል። ቁጭ ሲል ጀርባውን ለግድግዳ ነው። በትምህርት ቤት ምንም ያላለውን ልጅ አፉን መትቶ ሁለት ጊዜ ተባረረ። ለቡሄ ጎረምሶቹ ጅራፍ ሲያጮኹ ጊዜ ደግሞ ሮጦ አልጋ ሥር ገባ፤ እግሩን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት።

ነገሩ ጠላ ቤት ደረሰ። አያ ደሴ የሚባል ምላሰኛ ጎረቤት አለን፤ ዋንጫውን አስቀምጦ፣

«አያ ሞላ፣ ያ ምንሽር ከምሰሶው ሲወርድ ልጁ አልጋ ሥር እንዳይገባ አደራ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ!

ወደ ቤቴ ስመለስ ያ ሐሳብ መጣልኝ። በኛ አገር በቅሎ በጥይት የምትደነብር ከሆነች እናስለምዳታለን። ገብስ በእንቅብ ይቀርብላታል፤ እየበላች ሳለ አንድ ሰው ራቅ ብሎ ይተኩሳል። በማግሥቱ ቀረብ ይላል። በሳምንቱ በጆሮዋ ሥር ቢተኮስም ከእንቅቡ ቀና አትልም። ስንት በቅሎ እንዲህ አድርጌ አስለምጃለሁ፤ የሙሽራ በቅሎ ሁሉ ወደኔ ነበር የሚመጣ።

አለባቸውን ከቤቱ ጀርባ አስቀመጥሁት። በገብስ ፈንታ ዳቦ ሰጠሁት። የመጀመሪያው ቀን ራቅ ብዬ ተኮስሁ፤ ሮጠ፤ ይዤ መለስሁት። በሁለተኛው ቀን ቀረብ አልሁ፤ ጮኸ፣ ሱሪው ረጠበ። በሦስተኛው ቀን በጆሮው ሥር ተኮስሁ። ምንም አላለም። ዳቦውን እንደያዘ ወደፊት እያየ ቁጭ አለ።

ደስ አለኝ! ወደ ጓዳ ገብቼ ባለቤቴን እንጉዳይን «ለመደ!» አልኋት።

ወጣችና ልጁን አየችው። ስሙን ጠራችው፣ አልሰማትም። እጇን በፊቱ አወዛወዘች፣ ዓይኑ አልተከተላትም።

«ለመደ ነው የምትለኝ ወይስ ሄደ?» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ!» አልሁና ጠብመንጃውን መልሼ ሰቀልሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ዝም እንዳለ ቆየ። እኔ ጨዋ ሆነ ስል ነበር። አንድ ቀን እሱ ጓሮ ሲኮተኩት፣ የስድስት ዓመት ልጄ ብርቄ ከኋላው የቆርቆሮ ባልዲ ጣለች። ዞሮ በዶማው እጀታ መታት። ክንዷ ተሰበረ። እኔ እርሻ ላይ ነበርሁ። ልጅቱን ተሸክሞ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ክሊኒኩ ያደረሳት እሱ ራሱ ነው። እኔም ሰምቼ ደረስሁ፤ ዱላዬን ይዤ፣ ዛሬስ ልገድለው ብዬ።

ድሬሰሩ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ዱላህን እዚያ አጥር ላይ ስቀልና ግባ» አሉኝ።

«ልጄን ሰብሯታል!»

«ክንዷን አስሬላታለሁ፤ በአርባ ቀን ይጠግናል። እኔ የምፈራ ለሌላው ስብራት ነው። ስቀለው ነው የምልህ።»

ሰቀልሁት። አለባቸው ውስጥ ጥግ ይዞ ቁጭ ብሏል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ለካ ነግሯቸዋል። በቅሎውን፣ ዳቦውን፣ ሁሉንም ነግሯቸዋል። እሳቸው ወደ ውጭ መሩኝና አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ስንት በሬ አለህ?» አሉኝ።

«ሁለት በሬ፣ አንድ ወይፈን።»

«ወይፈኑን ለምን አልጠመድኸውም?»

«አልጠናማ! ጫንቃው ሳይጠና የተጠመደ ወይፈን ዕድሜ ልኩን ቀንበር ሲያይ ይተኛል።»

«ጎሽ። ይኸን ማን አስተማረህ?»

«ማን ያስተምረኛል፣ አባቴ ነዋ።»

«ስለ ልጅስ አባትህ ምን አሉህ?»

እሳቸው ቆባቸውን አወለቁና ጭንቅላታቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«እዚህ ውስጥ ሁለት ናቸው፣ ሞላ። አንድ ውሻ አለ፣ አንድ አባወራ አለ። ውሻው ቶሎ ያድጋል፤ ኮሽ ሲል መጮህ ነው ሥራው። አባወራው ግን የሚዘገይ ነው። 'ዝም በል፣ ጎረቤት ነው' የሚል እሱ ነው፤ ፊደልም የሚይዝ፣ ነገርም የሚያመዛዝን እሱ ነው። ሃያ ዓመት ያልፈዋል ተሟልቶ እስኪገባ። የአለባቸው ቤት ገና በመሠራት ላይ ነው። አባቱ በፊቱ ሲወድቅ ውሻው ጮኸ፤ መጮኹ አይፈረድበትም። ሥራው ነው። አንተ ደግሞ በማግሥቱ፣ በማግሥቱ አስጮኽኸው። ውሻው ሰባ። አባወራው የሚገባበት በር አጣ። ትምህርቱ የጠፋው ደንቁሮ አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ማን ያነባል?»

«ይኸን ከየት አገኙት፣ ድሬሰር?»

«እኩሌታውን ደብረ ታቦር ኮርስ ላይ ነገሩን። እኩሌታውን ጦር ሜዳ አይቼዋለሁ፤ ያኔ ግን አላወቅሁትም።» ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ። «የዐሥራ ስድስት፣ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ያመጡልኝ ነበር። እግራቸውን አሽጌ እመልሳቸዋለሁ። 'አይዞህ፣ ድነሃል፣ ሂድ' እላለሁ። ቁስላቸው እግራቸው ላይ መስሎኝ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣

«በአገሩ ልማድ ባለደም ማን ነው? ወንድም ነው የሚቀድም ወይስ ልጅ?» አሉኝ።

«ወንድም» አልሁ።

«እንግዲህ» አሉ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ያን ቀን በአገሬ ካሉ ሰዎች ሁሉ እሳቸው ብቻ ፍርሃቴን አወቁብኝ፤ ለማንም ግን አልተናገሩብኝም።

«መድኃኒት የለውም ወይ?» አልኋቸው በመጨረሻ።

«አለው፤ ግን ከኔ ሣጥን የሚወጣ አይደለም። ያን ምንሽር ከቤትህ አውጣ። ልጁ ባለበት ደም የሚባል ነገር አይነሣ። በሰዓቱ ይብላ፣ በሰዓቱ ይተኛ፣ ትምህርት ቤት ይመለስ። ከኋላው አትምጣበት፤ ስትመጣ ስሙን ጥራ። ሲደነግጥ አትቆጣ፣ አትሳቅበት። 'እኔ ነኝ' በለው። ዐሥር ጊዜ ቢደነግጥ ዐሥር ጊዜ። ልጅ ነውና ይመለሳል፤ ያልደረቀ ጭቃ ነው፣ የረገጡትም ይታይበታል፣ ያስተካከሉትም ይታይበታል።»

እንዳሉት አደረግሁ። ምንሽሩን ለአማቴ ላክሁት። ሰው ምሰሶውን አይቶ ሲጠይቀኝ «ሊጠገን ነው» እል ነበር፤ እዚያም ላይ ዋሸሁ። ድሬሰሩ በየቅዳሜው ከአጥሩ ማዶ ተጣርተው ይመጣሉ። ከአለባቸው ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍላሉ። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አልጠየቁትም። ከብዙ ወር በኋላ ልጁ ራሱ ጀመረ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት፤ «በሬዎቹን ባቆማቸው ኖሮ» ሲል። «በሬዎቹን ብታቆማቸው አባትህ አይድንም ነበር፤ አንተ ያለህ ሥራ እበት መቀበል ነበር፣ እሱንም ሠርተሃል» አሉት። አለቀሰ። እንጉዳይ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ይኸው ሰው ነው ደግሞ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ለሠርግና ለለቅሶ ጥይት አትተኩሱ ብሎ ሕዝቡን የለመነ። አያ ደሴ እንደ ልማዱ፣

«ድሬሰር፣ እርስዎ ወታደር ሆነው ጥይት ይፈራሉ እንዴ?» አላቸው።

«እፈራለሁ እንጂ! ጥይት የማይፈራ ያየሁት ሬሳ ብቻ ነው» አሉት። ሰዉ ሳቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአያ ደሴ ላይ ሳቀ። መተኮሱን ግን አልተወም። ያን ሰሞን አንድ ሠርግ ነበር፤ ድሬሰሩ አለባቸውንና ሌሎች ስድስት ልጆችን ሰብስበው እስከ ማታ ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ ዋሉ። እነዚያ ደብተራቸው ላይ የጻፏቸው ናቸው። ሽማግሌ የሚያህል ሰው ከልጆች ጋር ልብስ ያጥባል ተብሎ ብዙ ተወራባቸው።

አሁን ወደዚያች ነገር ልምጣ። ሙጬ ከሞተ ሁለት ዓመት ሲሞላ የገዳዩ ዘመዶች ድንጋይ ተሸክመው፣ ቄስና ሽማግሌ አስከትለው እርቅ ለመኑን። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ደንቡ ባለደሙ ቀርቦ በመስቀሉ ፊት «ደሜን ትቻለሁ» ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ ባለደም የሚል አለባቸውን ነው፤ እኔ ነኛ ምንሽር ሰቅዬ ያልሁት።

በዋዜማው ድሬሰሩ መጡ።

«ልጁን እዚያ አታቁመው። ገና ነው። አንተ ቅረብ። 'ባለደሙ እኔ ነኝ፤ ያኔም እኔ ነበርሁ፣ ፈርቼ ለልጁ ሰጠሁት' በል። አንድ ትንፋሽ ናት።»

«እሺ» አልኋቸው። እውነቴንም ነበር።

በማግሥቱ ከዛፉ ሥር ሰዉ እንደ ጉንዳን ፈልቷል። ድንጋይ የተሸከሙት ተንበርክከዋል። የሽማግሌዎቹ አለቃ «ባለደሙ ይቅረብ!» አሉ። ተነሣሁ። አያ ደሴን አየሁት፤ ያቺን አልቃሽም አየኋት። አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ልጁ ጭንቅላቱን ታሟል። አእምሮው ልክ አይደለም። በሱ ፈንታ እኔ ቀርቤያለሁ» አልሁ።

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። «አይ ሞላ፣ የወንድሙን እብድ ተሸክሞ!» አሉልኝ፤ አዘኑልኝ። እርቁ ወረደ፤ ደሙ ቀረ፤ እኔም የተመሰገንሁ ሆኜ ገባሁ። ድሬሰር ተሾመ ከዳር ተቀምጠው ነበር። ሳልፍ ቀና ብለው አላዩኝም።

ከዚያ ቀን ወዲያ አለባቸው «የሞላ ቤት እብድ» ሆነ። ትምህርት ቤት ብቻውን ወንበር ሰጡት። ልጆች ከኋላው ኮሽ እያደረጉ ይሮጣሉ፤ እሱ ሲዞር ይስቃሉ። ከዓመት በላይ የተገነባው በሦስት ወር ሲናድ ዓይኔ እያየ አንድም ሰው ጠርቼ «ውሸቴን ነው» አላልሁም። ድሬሰሩ ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሲዛወሩ ደጄ ላይ ቆመው «ልጁን ስጠኝ፤ ማንም የማያውቀው አገር ይደግ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ሲሄድ ዞሮ አላየኝም፤ ምን ብሎ ይየኝ!

መንገድ ስሸኛቸው ድሬሰሩ ያሉኝ ይኸን ብቻ ነው፤ «በሸንጎ የተነገረ በሸንጎ ነው የሚነሣ፣ ሞላ። እኔ አልቸኩልብህም።»

አልቸኮሉብኝምም። ስንት ዓመት! በሰው በኩል ሰላምታ ይልካሉ፤ አለባቸው ስምንተኛ ክፍል አለፈ፣ አናጢነት ያዘ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ሚስት አገባ ይሉኛል። ለቡሄ ጅራፍ ሲጮህ አሁንም ሱቁን ዘግቶ ወደ ገጠር ይወጣል አሉኝ፤ ሁሉ ነገር አልተመለሰም። አንድ ጊዜ ድሬሰሩን ደብረ ታቦር መናኸሪያ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። «እህ?» አሉኝ፤ ያቺን ነገር ነው። እኔ ስለ ዝናብ አወራኋቸው።

ለአርባቸው ከኛ ቀበሌ ሠላሳ ያህል ሰው ሆነን መካነ ኢየሱስ ሄድን። ድንኳን ተጥሏል። ጎጃም ድረስ ከሄዱ ታማሚዎቻቸው የመጣ ሰው ነበር። አለባቸው እንደ ልጃቸው ሆኖ ያስተናግዳል፤ ሪዝ አውጥቷል፣ ሙጬን ቁርጥ። እጄን ስሞ «ይግቡ አያ» አለኝና ወደ ሌላው እንግዳ ዞረ።

ከፍትሐቱ በኋላ ሰዉ እየተነሣ ድሬሰሩ ያደረጉለትን ይናገር ጀመር። አንዷ ምጥ ላይ ያዳኗትን፣ አንዱ ልጁን ከኩፍኝ ያተረፉለትን። አያ ደሴ እንኳ በምርኩዝ ተደግፎ ተነሥቶ ተናገረ። እኔም ተነሣሁ።

«ድሬሰር ተሾመ ለኔ ያደረጉልኝን ልናገር» አልሁ። «አንድ ነገር በሸንጎ ዋሽቻለሁ፤ ዛሬም የነበራችሁበት አላችሁ። ልጁ ጭንቅላቱን ታሟል ያልሁት ውሸቴን ነው። ባለደሙ እኔ ነበርሁ። ፈራሁ። ፈርቼ በዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ጫንሁት። እንደ በቅሎ በጆሮው ሥር የተኮስሁበትም እኔ ነኝ። እብድ ያሰኘሁትም እኔ ነኝ። ድሬሰሩ ያውቁ ነበር። ሞቱ፣ አንድም ቀን አላዋረዱኝም። እኔ ግን ልጁን አዋርጄዋለሁ።»

አያ ደሴ፣

«ይኸን ለመናገር ነው አሁን ከስማዳ ድረስ የመጣህ?» አለኝ።

«አዎ» አልሁት።

ማንም አልሳቀም። ማንም «አይዞህ» አላለኝም። አንዳንዱ ወደ መሬት አየ፣ አንዳንዱ ወደ አለባቸው። እኔ መቀመጫዬ ወዴት እንደሆነ ጠፋኝ፤ ዓይኔ ጨለመ። አንድ ሰው በሰዉ መካከል ሲመጣ ይታወቀኛል። ፊቴ ቆመ።

«ዘገዩ፣ አያ» አለኝ።

«አዎ ልጄ፣ ዘገየሁ።»

በብብቴ ገብቶ የደገፈኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወስዶ ከራሱ አጠገብ ያስቀመጠኝ፣ የሙጬ ልጅ አለባቸው ነው።